ሐበሻ የነገሠባት ቤንጋል

በሕንድ ምዕራብ ቤንጋል፣ ማልዳ በሚባለው አውራጃ ውስጥ፣ ጋውር የምትባል የፈረሰች ጥንታዊ ዋና ከተማ አለች። ከፍርስራሿ መካከል ባለ አምስት ደርብ የጡብ ግንብ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ቁመቱ 26 ሜትር ገደማ ነው። የአገሩ ሰው ፊሩዝ ሚናር ይለዋል። ያሠራው ሱልጣን ሰይፉዲን ፊሩዝ ሻህ ሲሆን ከመንገሡ በፊት ማሊክ አንዲል ይባል ነበር። የዘመኑ ታሪክ የሚያውቀው «ሐበሺ» ብሎ ነው። ይህ መጠሪያ በዚያ ጊዜ በሕንድ ምድር በዋናነት ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ ተሸጠው ለተወሰዱ ሰዎች ይሰጥ ነበር። ከ1487 እስከ 1494 ባሉት ዓመታት ቤንጋልን አራት ሱልጣኖች ተፈራርቀው ገዟት፤ ቢያንስ ሦስቱ ከእነዚህ ሰዎች ወገን ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ሲሆን «ዓ.ም.» ብዬ አመለክታለሁ።)

ይህን ታሪክ ከእኛ መካከል የሚያውቀው ጥቂት ሰው መሆኑ ያሳዝነኛል። ስለ ቤንጋሎች ስናነሣ የሚታወሰን ረሃብ፣ ጎርፍና የልብስ ፋብሪካ ነው። ይህ ሕዝብ ግን ዛሬ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሰው አፉን የፈታበት ቋንቋ ባለቤት ነው፤ በባንግላዴሽ፣ በምዕራብ ቤንጋል፣ በትሪፑራና በአሳም ይኖራል። የአመጣጡ ታሪክ የሚያሳየው ከአንድ አያት የወረደ ሳይሆን፣ ከየአቅጣጫው የመጡ ሰዎች አንድ ደለል አርሰው፣ በአንድ ቋንቋ ተግባብተው የሆኑት ሕዝብ መሆኑን ነው። ከመጡት መካከል የእኛም ሰዎች ነበሩበት።

መጀመሪያ ስለ ምድሩ። ጋንጅስና ብራህማፑትራ ከሂማላያ ተሸክመው የመጡትን ደለል ባሕር ዳር ሲደርሱ ያራግፉታል። አገሩ ሜዳ ነው፤ ወንዙ አልጋውን እየቀየረ ዛሬ መንደር የሆነውን ነገ ውኃ ያደርገዋል። በዚህ ምድር ላይ ቀድመው ከሰፈሩት መካከል የዛሬዎቹ የሳንታልና የሙንዳ ሕዝቦች ዘመድ የሆኑ ቋንቋዎች ተናጋሪዎች ነበሩ። ከደቡብ የድራቪዳ፣ ከሰሜንና ከምሥራቅ ተራሮች የቲቤትና የበርማ ቋንቋ ዘመዶች ተጨመሩ። ከምዕራብ ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው ሺህ ዓመት የሳንስክሪት ቤተሰብ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች እየገፉ መጡ። የጥንት የሳንስክሪት ድርሳናት ቫንጋ የሚሏት አገር በዚሁ ሜዳ ላይ ናት። ከእነዚህ አንዳቸውም ብቻቸውን «ቤንጋሊ» አልነበሩም።

ቋንቋው የተወለደው ማጋዲ ፕራክሪት ከሚባለው የምሥራቅ ሕንድ የሕዝብ ንግግር ነው፤ አሳምኛ፣ ኦዲያና ማይቲሊ እኅቶቹ ናቸው። ከ8ኛው እስከ 12ኛው መቶ ዘመን ቡድሂስቶቹ የፓላ ነገሥታት ሲገዙ መናንያን በዚህ ገና በሚፈላ ቋንቋ መንፈሳዊ ዝማሬ ይደርሱ ነበር። ቻርያፓዳ የሚባሉት እነዚህ ዝማሬዎች ለዘመናት ጠፍተው ኖረው በ1907 ሃራፕራሳድ ሻስትሪ የተባለ ምሁር በኔፓል ቤተ መንግሥት መጻሕፍት ቤት በዘንባባ ቅጠል ላይ ተጽፈው አገኛቸው፤ በ1916ም አሳተማቸው። የአሳም፣ የኦዲሻና የማይቲሊ ሰዎችም የእኛ ናቸው ይላሉ። ሁሉም እውነት አላቸው፤ ቋንቋዎቹ ያኔ ገና አልተለያዩም ነበርና።

አማርኛ ተናጋሪ ቤንጋሊኛ ቢማር ከሚጠብቀው በላይ የሚያውቀው ነገር ያገኛል። ግሡ በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይመጣል። የተማረ ቃል ሲፈለግ እኛ ወደ ግእዝ እንደምንሄድ እነሱም ወደ ሳንስክሪት ይሄዳሉ። ፊደላቸው ከጥንቱ ብራህሚ የወረደ ሲሆን ተነባቢው ብቻውን ሲቆም አናባቢ ያዘለ ነው፤ ሌላ አናባቢ ሲፈለግ ከፊቱ፣ ከኋላው ወይም ከሥሩ ምልክት ይቀጠልበታል። አክብሮትን በሚመለከት ከእኛም ይጠነቀቃሉ። ለሕፃንና በጣም ለሚቀርቡት ሰው ቱይ፣ ለእኩያ ቱሚ፣ ለታላቅና ለእንግዳ አፕኒ ይላሉ፤ ግሡም አብሮ ይለወጣል። በሌለበት ለሚነሣ ትልቅ ሰው እንደ «እሳቸው» ያለ መጠሪያ አላቸው። ወንድና ሴትን ግን በተውላጠ ስም አይለዩም።

የራሳቸው ዘመን አቆጣጠርም አላቸው። አዲስ ዓመታቸው ፖሄላ ቦይሻክ በእኛ ሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት አካባቢ ይውላል፤ ዓመታቸውም ከአውሮፓው በ593 ገደማ ወደ ኋላ ይቀራል።

በ1204 ባክትያር ኻልጂ የተባለ የቱርክ ጦር አዛዥ መጥቶ አገሩን ይገዙ የነበሩትን የሴና ነገሥታት ከዋና ከተማቸው አባረረ፤ እስላማዊ አገዛዝም ጀመረ። የተበታተኑትን የቤንጋል ግዛቶች አንድ ያደረገው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1340ዎቹና በ1350ዎቹ የገዛው ሻምሱዲን ኢልያስ ሻህ ነው። በአንድ ስም የሚጠራ የቤንጋል መንግሥት ከእሱ ጀምሮ ታየ። ይህ መንግሥት ከዴልሂ ተለይቶ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። በ1414 የቤንጋል ሱልጣን ለቻይናው የሚንግ ንጉሠ ነገሥት ቀጭኔ በስጦታ ላከ። ቀጭኔ የሕንድ እንስሳ አይደለችም፤ ከምሥራቅ አፍሪካ በመርከብ የመጣች ነበረች። ቀጭኔ የሚያመላልስ ባሕር ሰውንም ያመላልሳል።

የሰዎቹ መንገድ በእኛ ምድር ላይ የሚጀምረው በሚያሳፍርና በሚያሳዝን ቦታ ነው። በ14ኛው መቶ ዘመን የጻፈው ዐረባዊው አል ኡመሪ፣ ዋሽሉ በምትባል ቦታ ወንዶች ልጆች ይሰለቡ እንደነበር፣ ከሞት የተረፉትም ወደ ሀድያ ተወስደው ይታከሙ እንደነበር መዝግቧል። ከዚያ በዘይላና በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ወደ ዓደን፣ ከዓደን ወደ ጉጃራትና ወደ ቤንጋል ይወሰዱ ነበር። ከየትኛው መንደር እንደመጡ፣ እናታቸው ያወጣችላቸው ስም ማን እንደነበር፣ በምን ቋንቋ እንዳለቀሱ የጻፈ የለም። በቤንጋል የተሰጣቸው የዐረብና የፋርስ ስም ብቻ ቀርቷል። የሐበሻ ሱልጣኖችን ታሪክ በኩራት ብቻ የሚያወራ ሰው ይህን ሊዘለው አይገባም።

ከ1459 እስከ 1474 የገዛው ሩክኑዲን ባርባክ ሻህ እነዚህን ሐበሾች በብዛት ሰብስቦ ዘበኛና የጦር መሪ አደረጋቸው። ዜና መዋዕል ጸሐፊው ፊሪሽታ ቁጥራቸውን 8000 ያደርሰዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የአገሩ ባላባት ዘመድና ርስት ስላለው ሊያምፅ ይችላል፤ ከሩቅ የመጣ ባሪያ ግን ከሱልጣኑ በቀር የሚጠጋበት የለውም ተብሎ ታመነ። ይኸው ባርባክ ሻህ በእነዚያው ዓመታት ማላዳር ባሱ የተባለውን የሂንዱ ገጣሚ ጉናራጅ ኻን በሚል ማዕረግ አክብሮታል። ባሱ የሂንዱዎችን አምላክ የክሪሽናን ታሪክ ከሳንስክሪት ወደ ቤንጋሊኛ የመለሰ ሰው ነው፤ ሥራውን ከ1473 እስከ 1480 ሠርቶ ጨርሷል። አንድ ሙስሊም ሱልጣን በአንድ እጁ የሕዝቡን ቋንቋ ወደ መጽሐፍ ከፍ ሲያደርግ፣ በሌላው እጁ ኢትዮጵያውያንን በቤተ መንግሥቱ በር ላይ አቆመ። ሁለቱም ሥራዎቹ ከጠበቀው በላይ ሥር ሰደዱ።

ጃላሉዲን ፋቴህ ሻህ ሲነግሥ ሐበሾቹ ጠንክረው አገኛቸው፤ ኃይላቸውን ሊገታ ሞከረ። በ1487 ዋነኛው ታማኙ ማሊክ አንዲል ወደ ዘመቻ በሄደበት ጊዜ፣ የቤተ መንግሥቱ ዘበኞች አለቃ የነበረው ሐበሻ ጃንደረባ ንጉሡን ገድሎ ባርባክ ሻህዛዳ ተብሎ ነገሠ። ዜና መዋዕሉ እንደሚተርከው ገዳዩ ማሊክ አንዲልን ስለፈራው፣ በዙፋን ላይ እስካለሁ ድረስ አትነካኝም ብሎ በቁርኣን አስማለው። አንድ ሌሊት ግን በመጠጥ ደክሞ ተኝቶ ሳለ ከዙፋኑ ተንሸራቶ ወደቀ። ማሊክ አንዲል መሐላው የሚይዘው በዙፋን ላይ እስካለ ነው ብሎ ሰይፉን መዘዘ። ታሪኩ እንደ ተረት ያጌጠ ሊሆን ይችላል። እኔን የሚገርመኝ ቀጥሎ የተባለው ነው። ማሊክ አንዲል ዙፋኑን ለፋቴህ ሻህ ሕፃን ልጅ ሊሰጥ ፈልጎ ነበር፤ የሟቹ ሚስት ግን የባሌን ገዳይ ለሚገድል ዙፋኑን እሰጣለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ ብላ እሱኑ አነገሠችው ይባላል።

ፊሩዝ ሻህ ሆኖ የገዛው ከሁለት ዓመት ብዙም ላልበለጠ ጊዜ ነው። ለድሆች እጁ የተዘረጋ ሰው እንደነበር ይነገራል። በአንድ ወቅት 100 ሺህ ብር ለድሆች ይሰጥ ብሎ አዘዘ። ሹማምንቱ ይህ ሐበሻ ገንዘቡን ያገኘው ሳይደክም ስለሆነ የ100 ሺህን ብዛት አያውቅም ተባብለው፣ እንዲደነግጥ ገንዘቡን በሚያልፍበት መንገድ ላይ ከመሩት። አይቶ፣ ይህ ምንድን ነው ሲል ለድሆች ያዘዙት ነው አሉት። ይህማ ትንሽ ነው፣ ያህሉን ጨምሩበት አለ። ሹማምንቱ ሊያሳፍሩት የፈለጉት ባሪያ ስለነበር ነው፤ የረታቸውም ድህነትን ከእነሱ ይልቅ ስለሚያውቅ ይመስለኛል።

ከእሱ በኋላ ማህሙድ ሻህ የተባለ ወጣት ነገሠ፤ ትውልዱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። እውነተኛውን ሥልጣን የያዘው ሐበሽ ኻን ነበር። ሲዲ ባድር የተባለ ሌላ ሐበሻ መጀመሪያ ሐበሽ ኻንን፣ ቀጥሎ ሱልጣኑን ገድሎ ሻምሱዲን ሙዛፈር ሻህ ተባለ። ዜና መዋዕሎቹ ይህን ሰው ጨካኝ፣ ግብር ያከበደ፣ መኳንንቱን የፈጀ ይሉታል። ብዙው እውነት ሊሆን ይችላል። ሆኖም የጻፉት በሐበሾቹ ፍርስራሽ ላይ የቆመው ሥርዓት ካሸነፈ በኋላ፣ አንዳንዶቹም በመቶዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በኋላ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። በሙዛፈር ስም የተቀረጹት የድንጋይ ጽሑፎች ስለ መስጊድና ስለ መንፈሳዊ ማረፊያ ግንባታ ይናገራሉ። በ1494 አካባቢ የራሱ ሚኒስትር አላውዲን ሁሴን በጋውር ከቦ አስወገደው። በዚያው ዓመት በእኛ አገር ዐፄ እስክንድር ሞተ። ሁለቱ ስለ መኖራቸው እንኳ አንዱ ከሌላው የሰማ አይመስለኝም።

ዙፋኑን የያዘው ይህ ሁሴን ሻህ ሐበሾቹን ከቤንጋል አስወጣቸው። ብዙዎቹ ወደ ጉጃራትና ወደ ደቡቡ ደካን ሄዱ። በዚያ ምድር ኋላ ላይ የሐረር አካባቢ ተወላጅ የሚባለው ማሊክ አምባር ተነሥቶ እስከ 1626 ድረስ የሙጋል ነገሥታትን ሲያስጨንቅ ኖረ። በጉጃራትና በካርናታካ ዛሬም ሲዲ የሚባሉ የእነዚህ ሰዎች ዘሮች ማኅበረሰብ አላቸው፤ በቤንጋል ግን እንዲህ ያለ ማኅበረሰብ አልቀረም። የሙጋል መንግሥት መሥራች ባቡር በማስታወሻው ላይ ሐበሻው ንጉሡን ገድሎ መንገሡን ጠቅሶ፣ ቤንጋሎች ታማኝ የሚሆኑት ለዙፋኑ እንጂ ለተቀመጠበት ሰው አይደለም ብሎ ተደንቋል። ፖርቱጋላዊው ቶሜ ፒሬስ ደግሞ በ1510ዎቹ ሲጽፍ ሐበሾች በቤንጋል ቤተ መንግሥት የተከበሩ ባለሟሎች መሆናቸውን ያነሣል። እንግዲህ ማባረሩም ሁሉን አልጨረሰም፤ የቀሩት ቤንጋሊ ሆነው ከሕዝቡ ተደባልቀዋል ማለት ነው።

ቋንቋው በእነዚህ የደም ዓመታት ሁሉ ማደጉን አላቆመም። ፋቴህ ሻህ ከመገደሉ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1486፣ በናባድዊፕ ከተማ ቻይታንያ ተወለደ። እሱ ያስነሣው የክሪሽና ፍቅር እንቅስቃሴ ቤንጋሊኛን የጸሎትና የዝማሬ ቋንቋ አደረገው። በሁሴን ሻህ ዘመን ደግሞ ፓራጋል ኻን የተባለው የቺታጎንግ ሙስሊም የጦር አዛዥ ታላቁን የሳንስክሪት የጀግኖች ግጥም ማሃባራታን በቤንጋሊኛ አስጽፏል። በምሥራቅ በኩል ወንዞቹ አልጋቸውን ወደዚያ እያዞሩ ሲሄዱ ጫካው ተመንጥሮ የሩዝ እርሻ ሆነ። ምንጣሮውን የመሩት ብዙ ጊዜ የሙስሊም ቅዱሳን ሰዎች ነበሩ፤ የመነጠረውም ገበሬ ከመሬቱ ጋር ሃይማኖቱን ያዘ። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ኢተን እንደሚያስረዳው በምሥራቅ ቤንጋል እስልምና የተስፋፋው ከሰይፍ ይልቅ በማረሻ ነው። ያ ገበሬ እስልምናን የተቀበለው በቤንጋሊኛ ነበር።

የእንግሊዝን ዘመን በአጭሩ ልለፈው። በ1757 የፕላሲ ጦርነት የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ አገሩን ያዘ፤ በ1770 ረሃብ ሕዝቡን ፈጀ። በ1778 ሁግሊ ላይ የመጀመሪያው የቤንጋሊ ፊደል ሕትመት ወጣ፤ ፊደሉን ከቻርልስ ዊልኪንስ ጋር የቀረጸው የአገሩ አንጥረኛ ፓንቻናን ካርማካር ነው። በ1855 ኢሽዋር ቻንድራ ቪድያሳጋር ልጆች እስከ ዛሬ ፊደል የሚቆጥሩበትን መጽሐፍ አዘጋጀ። በ1905 እንግሊዞች ቤንጋልን ለሁለት ከፈሏት፤ ተቃውሞው ስለበረታ በ1911 መልሰው አንድ አደረጓት። በ1913 ራቢንድራናት ታጎር አውሮፓዊ ካልሆኑት መካከል የመጀመሪያው የሥነ ጽሑፍ ኖቤል ተሸላሚ ሆነ።

የታጎር ታሪክ ወደ አዲስ አበባ ያመጣኛል። ጣሊያኖች ከተማዋን በያዙባቸው ዓመታት ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው መኖሪያ የሚሆን ሠፈር ማቀድና መሥራት ጀምረው ነበር፤ የዛሬው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለው ካዛንቺስ ስሙን የወሰደው ከዚያ የቤት ድርጅት ነው። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በከተማዋ ሰው እንደ ቅጠል የረገፈበት ጭፍጨፋ ተፈጸመ። ያ ቀን የዋለው በፌብሩዋሪ 1937 ነው። በዚያው ወር፣ በሺህዎች ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ሽማግሌው ታጎር «አፍሪካ» የተሰኘውን ግጥሙን በቤንጋሊኛ ጻፈ። ኢጣሊያ በኢትዮጵያ ላይ የፈጸመችው ወረራ ልቡን ሰብሮት ነበር፤ እንዲጽፍ የጠየቀውም ባለቅኔው አሚያ ቻክራቫርቲ ነው። በባዕድ አገዛዝ ሥር የሚኖር ሕዝብ ልጅ በቋንቋው ስለ እኛ ሲጮኽ እኛ አልሰማነውም።

በ1947 እንግሊዞች ሲወጡ ቤንጋል ዳግመኛ ተከፈለች፤ ምሥራቁ የፓኪስታን ክፍል ሆነ። በመጋቢት 1948 የፓኪስታን መሥራች ጂና የምሥራቁ ዋና ከተማ ወደሆነችው ዳካ መጥቶ የመንግሥቱ ቋንቋ ኡርዱ ብቻ ይሆናል አለ። ከፓኪስታን ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው አፉን የፈታው በቤንጋሊኛ ነበር። በፌብሩዋሪ 21 ቀን 1952፣ በእኛ የካቲት 13 ቀን 1944 ዓ.ም.፣ የዳካ ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ፤ ፖሊስ ተኮሰባቸው። አቡል ባርካት፣ ራፊቅ፣ አብዱል ጃባርና ሌሎችም ወደቁ። ፓኪስታን በ1956 ሕገ መንግሥቷ ቤንጋሊኛን ከኡርዱ ጋር ተቀበለች።

እነዚህን ዓመታት ከራሳችን ጋር አስተያይቼ ማንበብ ግድ ይለኛል። በዚያው በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን የተቀላቀለችው ኤርትራ ትግርኛና ዐረብኛን የሥራ ቋንቋዋ አድርጋ ነበር፤ ፌዴሬሽኑ ሳይፈርስ አማርኛ በቦታቸው ገባ። በ1955 የተሻሻለው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አማርኛን ብቻ የመንግሥት ቋንቋ ብሎ ደነገገ። ፓኪስታን ልትማር ጀምራ የተወችውን ትምህርት እኛ ገና አልጀመርነውም ነበር። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ቋንቋዎች ሁሉ እኩል የመንግሥት እውቅና አላቸው እስኪል ድረስ 40 ዓመት ፈጅቷል።

ፓኪስታንም ትምህርቷን አልጨረሰችም። በ1970 ምርጫ የቤንጋሎቹ ፓርቲ አዋሚ ሊግ ከምሥራቅ ፓኪስታን 162 መቀመጫዎች 160ውን አሸነፈ፤ ሥልጣን ግን ተከለከለ። በመጋቢት 1971 ጦሩ ዘመተ፤ በዘጠኝ ወር ውስጥ 10 ሚሊዮን ያህል ሰው ወደ ሕንድ ተሰደደ። በዲሴምበር 16 ባንግላዴሽ ነጻ ወጣች። ብሔራዊ መዝሙሯ የታጎር ነው፤ የሕንድም እንዲሁ። አብዛኛው ዜጋዋ ሙስሊም የሆነ አገር የሂንዱ ቤተሰብ ልጅ የጻፈውን መዝሙር ሲዘምር ማንነቱን የት ላይ እንዳቆመ ይታያል።

ዩኔስኮ በ1999 ፌብሩዋሪ 21ን ዓለም አቀፍ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን አድርጎ ሰየመው። ዛሬ ካዛንቺስ ከአፍሪካ አዳራሽ አጠገብ የተባበሩት መንግሥታት ሰፊ ግቢ አለ። አዳራሹ በ1961 ተመርቆ፣ በአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ደምቆ፣ በሜይ 1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ነው። የዳካ ተማሪዎች የሞቱበት ቀን በዚህ ግቢ የቀን መቁጠሪያም ላይ ሰፍሯል፤ ከየካቲት 12 መታሰቢያችን እንደ ዓመቱ አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ይለየዋል። ካዛንቺስ ራሷ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ አብዛኛው ነባር ነዋሪዋ ተነሥቶ በከተማዋ ዳርቻዎች ተበትኗል፤ በዚያ ሠፈር ጓሮ ለጓሮ አማርኛ፣ ጉራግኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ እየተቀባበሉ ያደጉ ልጆች ዛሬ በየኮንዶሚኒየሙ ናቸው።

የቤንጋሎች ድል ግን ሌላ ጥያቄ ወለደ። በ1972 የባንግላዴሽ ሕገ መንግሥት ዜጎችን ሁሉ ቤንጋሊ ብሎ ሲጠራ፣ የቺታጎንግ ተራሮች ተወካይ ማናቤንድራ ናራያን ላርማ በምክር ቤቱ ተነሥቶ እኔ ቻክማ ነኝ፣ ቤንጋሊ አይደለሁም ብሎ ተቃወመ። የሰማው የለም። ተራሮቹ ለሃያ ዓመታት የጦርነት ቦታ ሆኑ፤ የሰላም ስምምነት የተፈረመው በዲሴምበር 1997 ነው። የ2011 የሕገ መንግሥት ማሻሻያም ሕዝቡን መልሶ ቤንጋሊ ይለዋል። በ2017 መንግሥት በቻክማ፣ በማርማ፣ በትሪፑራ፣ በጋሮና በሳድሪ ቋንቋዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የቅድመ መደበኛ መማሪያ መጻሕፍት አሳትሞ አከፋፈለ። በቋንቋዎቹ ማስተማር የሚችል የሠለጠነ መምህር ግን በብዙ ትምህርት ቤቶች አልነበረም።